የኮሪባንቶች ወንበር

ኪዲያስ የኮረብታውን የድንጋይ መንገድ በጠዋቱ ተያያዘው። በቀኝ ብብቱ የዘወትር መንታ ዋሽንቱን፣ በግራው ደግሞ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ መንታ ዋሽንት ይዟል። ያንን ሁለተኛውን፣ ስምንት ወር ሙሉ ከገብስ ማሰሮው ኋላ ደብቆ የኖረውን፣ ለቴዎስ ከተማ ሰው ሁሉ «ማዕበል ከእጄ ነጠቀኝ፣ ባሕር በላው» ብሎ የማለበትን ዋሽንት፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ እጁ ራሱ ሄዶ አወጣው።

ከከተማው በር አጠገብ ሴቶች የበለስ ቅርንጫፍ እየዘነጠፉ ይከምራሉ። ነገ የአፖሎ የበኩራት በዓል ነው። በዚህ በዓል ከተማዋ በየዓመቱ አንድ ሰው ትመርጥና ደረቅ በለስ፣ የገብስ ቂጣና አይብ ታስይዘዋለች። ከዚያ በበለስ ቅርንጫፍ እየገረፈች፣ ከኋላው ዋሽንት እያስነፋች፣ ጦሷን ይዞ እንዲሄድላት ከድንበር ታስወጣዋለች። የወጣ አይመለስም። ዘንድሮ ደግሞ የፋርስ መርከቦች ሚሊጢን ወደብ ከርመው ዝፍት እየተቀቡ ነው ተብሏል፤ ሰዉ ፈርቷል፤ ስለዚህ ጦሱ እንደ ሌላው ዓመት ለወጉ ያህል ሳይሆን የምር እንዲወጣለት ፈልጓል።

«ኪዲያስ፣ ጉንጭህን ለነገ አሳርፈው እንጂ» አለችው አንዷ ቅርንጫፏን ሳትለቅ። «ዛሬ ኮሪባንቶቹ ጋ ጨርሰኸው ነገ በምን ልትነፋ ነው?»

«የነገውን ጉንጭ ቤት አስቀምጬው ነው የመጣሁት።»

ሳቁበት። እሱም የሳቀ መሰለ። ነገ ሰውየውን ከኋላ እየተከተለ የቅርንጫፉን ዜማ የሚነፋው ራሱ ነው፤ ቴዎስ ሌላ ነፊ የላትም። ነገ የሚባረረው ሰው ማን እንደሚሆን ደግሞ ዛሬ እዚያ ኮረብታ ላይ ይለያል።

ከመታጠፊያው ላይ ደረሰባቸው። እትዬ ናኒስ ልጇን በክንዱ ይዛ፣ በየሦስት እርምጃው እያረፈች ትወጣለች። ማንድሮን ከእናቱ በሁለት ስንዝር ይረዝማል። ክርኖቹን አጥፎ፣ ሁለት ጡጫዎቹን ከደረቱ ፊት ገትሮ ነው የሚሄደው። በቀኝ እጁ ላይ የመቅዘፊያ ጠፍር ተጠምጥሟል፤ እያንዳንዱ ቀዛፊ ከቤቱ ይዞ የሚመጣው፣ መቅዘፊያውን ከመርከቡ ጋር የሚያስርበት ያ የቆዳ ጠፍር። ከስምንት ወር በፊት ከፋርስ ጋር ከተደረገው የላዴ የባሕር ጦርነት በኋላ ዓሣ አስጋሪዎች ከመርከቡ ስብርባሪ ውስጥ፣ ውኃው አንገቱ ደርሶ፣ በዚሁ አኳኋን ነው ያገኙት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልተነፈሰም። ካጎረሱት ይበላል። ተቀምጦ ያድራል እንጂ አይተኛም።

«ኪዲያስ ልጄ፣ እስቲ በዚያ በኩል ደግፍልኝ» አለች ናኒስ። «ትናንት ማታ ያቺን ጠፍር ልፈታለት ሞክሬ ነበር። ዓይኑን ብታየው። የገዛ እናቱን ሊመታ እጁን ሰነዘረ፣ መልሶ ግን ተወው።»

«ተይው እትዬ ናኒስ፤ ይያዘው።»

«አንተ እኮ ከእሱ ጋር አንድ መርከብ ላይ ነበርክ። ምን አየ? ምን ቢያይ ነው እንዲህ የሆነው? አንድ ነገር እንኳ ንገረኝ።»

«ምንም አላየም» አለ ኪዲያስ። «የታችኛው ደርብ ቀዛፊ ነበር። እዚያ ያለ ሰው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ጀርባ ነው የሚያየው፤ ሌላውን ሁሉ በጆሮው ነው።»

እውነቱን ነው የተናገረው። ግን ከአፉ የወጣውን ነገር ራሱ አልሰማውም፤ እንዳይሰማው ስምንት ወር ለምዶበታል።

«ዛሬ የሰፈረበትን አምላክ ታገኝለታለህ» አለችው። «ሁለት ቀን አቃታችሁ፤ ዛሬ ግን ታገኙለታላችሁ። ካልተገኘ ሹሙ የጦሱን ቅርጫት ይዞ እየጠበቀ ነው። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም። አደራህን።»

ኪዲያስ የማንድሮንን ክርን ደግፎ ወጣ። ክርኑ እንደ እንጨት የጠጠረ ነበር።

በጋሻ ጭፈራ የታመመ የሚያድኑት የኮሪባንቶቹ ግቢ ከኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ወደቡን ቁልቁል እያየ ነው። ዘጠኙም ደርሰዋል። በሌላው ቀን አንዱ ሸክላ ሠሪ፣ አንዱ መረብ ጠጋኝ፣ ሁለቱ ወይን ጠማቂዎች ናቸው፤ እዚህ ግቢ ሲገቡ ግን ቁንጮው ቀይ የሆነ የራስ ቁርና ከነሐስ የተሠራ ጋሻ አንሥተው ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሸክላ ሠሪው ጎርጎስ የራስ ቁሩ እምቢ ብሎት እየታገለ ነበር።

«ጠበበኝ እኮ ይኼ ነገር።»

«ቁሩ አልጠበበም፤ አንተ ነህ ትናንት የተቀደሰውን ወይን ከልክ በላይ የቀመስከው» አለው መረብ ጠጋኙ።

«ዝም በሉ» አለ ጋሼ ሌዎዳማስ፣ አለቃቸው። ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ቢሆንም ጋሻ ሲያነሣ ከሁሉም ይበልጣል። «ልጁን አምጡት።»

አንዲት ሴት በእንስራ በቀዳችው የምንጭ ውኃ ማንድሮንን አጠቡት። ወይኑ በትልቁ ገንቦ ከውኃ ጋር ተደባለቀ። ከዚያ ከግቢው መሐል ካለችው፣ መደገፊያዋ ረጅም ከሆነችው የእንጨት ወንበር ላይ አስቀመጡት። በዚያች ወንበር ላይ ስንቱ ተቀምጧል፤ እንቅልፍ ያጣች ሙሽራ፣ ከጣሪያ ላይ እየዘለለ ያስቸገረ ነጋዴ፣ ራሱን የማያውቅ ወታደር። የኮሪባንቶች ሥራ ይኸው ነው። በሰው ላይ የሰፈረ አምላክ ሁሉ የራሱ ዜማ አለው። የሰፈረበት ሰው የሌላውን ዜማ እንደ ዝናብ ድምፅ ሰምቶ ያልፈዋል፤ የራሱ የመጣ ቀን ግን ከወንበሩ ይነሣል፤ ይጨፍራል፤ አምላኩም የልቡ ሲደርስ ይለቀዋል። ዜማዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። በሁለት ቀን ስምንቱ ተሞክረዋል። መጀመሪያ የሞከሩት የፖሰይዶንን ነበር፤ ልጁን የነካው ባሕር ነው ብለው። ማንድሮን ዓይኑን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

ከግድግዳው ጥግ ሹሙ ፕሮታርኮስ ተቀምጧል። ከእግሩ ሥር ክዳን የሌለው ቅርጫት አለ፤ በለሱም፣ ቂጣውም፣ አይቡም ይታያል። ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ልጁ በዚያችው መርከብ ላይኛው ደርብ ላይ ነበር፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። አሥራ ሁለቱም ዜማዎች የማይነኩትን ሰው አማልክት ራሳቸው ትተውታል፤ ከተማዋም ታስወጣው ብሎ የፈረደው ሸንጎው ነው፤ እሱ የመጣው ፍርዱን ሊያስፈጽም ነው። ናኒስ ቅርጫቱን እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

ኪዲያስ ሲነፋ ጉንጩን የሚይዝለትን ጠፍር ከኋላ አሰረና የዘወትሩን ዋሽንት አነሣ። ያንን ጥቅል ከእግሩ አጠገብ አኖረው።

መጀመሪያ የአማልክትን እናት ዜማ ነፋ። አታሞው ዝቅ ብሎ ገባ፤ ዘጠኙ ጋሻዎች ተነሡ። ኮሪባንቶቹ ወንበሩን እየዞሩ፣ መሬቱን በአንድ እግር እየደቁ፣ ጋሻ በጋሻ ላይ ሲያጋጩ ግቢው ራሱ የተነፈሰ መሰለ። ኪዲያስ ይህን ሃያ ዓመት አይቶታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቆዳውን ይነዝረዋል። እነዚህ አሁን የሚያያቸው ጎርጎስና መረብ ጠጋኙ አይደሉም። ከእነሱ በፊት የነበሩ፣ ከአባቶቻቸውም በፊት የነበሩ፣ ሕፃን አምላክ ሲያለቅስ አባቱ ሰምቶ እንዳይውጠው ድምፁን ለመሸፈን ጋሻ ያጋጩ እነዚያ የጥንቶቹ ናቸው። ውኃ የቀዳችው ሴት እንስራዋን አስቀምጣ ፀጉሯን ፈታች፤ አንገቷን እየወዘወዘች ገብታ ጨፈረች። የፕሮታርኮስ እግር ሳያዘው ከአታሞው ጋር መሬቱን መታ። ማንድሮን ግን ጡጫዎቹን ከደረቱ ፊት እንደገተረ ተቀምጧል።

የሄካቴን ነፋ። የተራራ ልጃገረዶቹን ነፋ። ፀሐይዋ ከግድግዳው በላይ ወጣች፤ የኮሪባንቶቹ ላብ ከራስ ቁራቸው ሥር በአንገታቸው ወረደ። በመጨረሻ የሄርሜስን፣ አሥራ ሁለተኛውን፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነፋ። የለም።

ሌዎዳማስ ጋሻውን መሬት አስደገፈና የራስ ቁሩን አወለቀ። «እትዬ ናኒስ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «ያለን አልቋል።»

ፕሮታርኮስ ቅርጫቱን አንሥቶ ተነሣ። ናኒስ ሄዳ ከልጇ ጀርባ ቆመችና ሁለት እጆቿን ከትከሻዎቹ ላይ ጫነች። «ትንሽ ቆዩ» አለች። «አንድ ቀርቷችሁ ይሆናል። እባካችሁ፣ ቆጥራችሁ እዩት።»

ኪዲያስ የዚያን ጊዜ የማንድሮንን እጆች አየ። እስከዚያ ሰዓት አላያቸውም ነበር ማለት አይደለም፤ አይቶ ዓይኑን ያነሣ ነበር እንጂ። ቀኙ ከግራው አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። አንጓዎቹ ወደ ታች ታጥፈዋል። መቅዘፊያው ከውኃ ወጥቶ፣ ጠፍጣፋው በአየር ላይ ተይዞ፣ የሚቀጥለው ድምፅ ሲጠበቅ እጅ እንዲህ ነው የሚሆነው። ቀዛፊ የሚጎትተው በመርከቡ ነፊ ዋሽንት ልክ ነው፤ ዋሽንቱ በድንገት ቢቋረጥ የታችኛው ቀዛፊ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ መቅዘፊያህን አንሣ፣ ያዝ፣ ድምፅ እስኪመጣ አትንቀሳቀስ። የጉዞው ማብቂያ፣ «መቅዘፊያ አስገባ» የምትለዋ ቁልቁል የምትወርድ አጭር ዜማ ካልመጣች፣ የታችኛው ሰው ጉዞው ማለቁን በምን ያውቃል? ይህ ሰው አላበደም። ስምንት ወር ሙሉ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው።

ኪዲያስ ተንበርክኮ ጥቅሉን ፈታ። የመርከቡ ዋሽንት ከዘወትሩ ይረዝማል፤ አፉ ላይ በመዳብ የታሰረ ነው። ከመርከብ የተመለሱ ሰዎች በዓይናቸው የሚያውቁት ዕቃ ነው። ጎርጎስ አየው፤ ሌዎዳማስም አየው።

«ይሄ ባሕር በላው ያልከው አይደለም እንዴ?» አለ ጎርጎስ።

«ነው።»

«የየትኛው አምላክ ዜማ ነው የምትነፋው?» አለ ሌዎዳማስ።

«አላውቅም ጋሼ። ዙሩለት ብቻ።»

ነፋ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። በየትኛውም መቅደስ የማይነፋ፣ የድካምና የላብ ዜማ ነው፤ ሕፃን እንኳ ወደብ ላይ ሲጫወት ያፏጨዋል። የናኒስ እጆች ከልጇ ትከሻዎች ላይ ተንሸራተቱ፤ ትከሻዎቹ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷልና። በሁለተኛው ረጅም ድምፅ ማንድሮን ወደ ፊት ተጎነበሰ፤ በሦስተኛው ጎተተ።

ማንድሮን ይጎትታል፣ ይገፋል። የሌለውን መቅዘፊያ ሲስብ የጀርባው ጡንቻ ከነክብደቱ ይታያል፤ የዚያች የእንጨት ወንበር እግሮች ድንጋዩን ፋቁ። ከዘጠኙ ኮሪባንቶች አምስቱ በየመርከቡ የቀዘፉ ሰዎች ናቸው። ማንም ሳያዛቸው ጋሻቸው በረጅሙ ድምፅ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌሎቹም። ዘጠኝ ጋሻ በአንድ ጊዜ፣ ልክ መቶ ሰባ መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ እንደሚሰማው። ሌዎዳማስ እንባው በጢሙ እየወረደ ይዞራል። ኪዲያስ በሕይወቱ አምላክ ሲወርድ ያየ መስሎት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየም። ይህ አምላክ ስም የለውም፤ እዚያ መርከብ ላይ የቀሩት ሁሉ በአንድነት የመጡ መሰለው፣ ፈራቸውም።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። ኪዲያስ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። የቀኙ ክንፍ የወገን መርከቦች ሸራ ሰቅለው ሲሸሹ ከመርከቡ ወለል ላይ ቆሞ ያየበት፣ ትንፋሹ የተቆረጠበት ቦታ ነው። አሁንም ተቆረጠ። ዋሽንቱ ዝም አለ። ማንድሮንም እዚያው ላይ፣ ክርኑን አጥፎ፣ ጡጫውን ገትሮ ቀጥ አለ። ጋሻዎቹ በአየር ላይ ቀሩ። ኪዲያስ ዜማውን የተወበት ቦታ ላይ ማንድሮን ተቀምጦ ሲጠብቀው አየ። ያን ቀን ከዚህ በኋላ የላይኞቹ ቀዛፊዎች ግራ ተጋቡ፤ መቅዘፊያ በመቅዘፊያ ተያያዘ፤ መርከቧ ጎኗን ሰጠች፤ የጠላት መርከብ የነሐስ ቀንድ ገባባት። እሱ ደግሞ ዋሽንቱን እንደያዘ ዘለለ።

ኪዲያስ ዓይኑን ጨፈነና ነፋ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ያንን ቦታ አለፈው። ማንድሮን ጎተተ፤ ጋሻዎቹም ወደቁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁሉ፣ ከላዴ እስከ ቴዎስ ወደብ፣ እንደ ጥሩ ቀን አድርጎ ነፋላቸው፤ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ወደቡ እየቀረበ። በመጨረሻም ቁልቁል የምትወርደዋን፣ አጭሯን ነፋ።

ማንድሮን ሁለት እጆቹን ወደ ሆዱ ሳበ፣ ዝቅ አደረገ፣ ከጉልበቱ ላይ አኖረ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ከዚያ እንደማንኛውም ሥራውን የጨረሰ ሰው፣ ከቀኝ እጁ ላይ ያለውን ጠፍር በጥርሱ ፈታው። ቀና ብሎ ኪዲያስን አየው።

«ለምን ዘገየህ?» አለው።

ድምፁ የተዘጋ ነበር እንጂ ቁጣ የለበትም። ናኒስ ከመሬቱ ላይ ተቀምጣ እግሩን አቅፋ አለቀሰች። እሱም እጁን ከራሷ ላይ አድርጎ፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ ራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።

ኪዲያስ የጉንጩን ጠፍር ፈታ። ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ፤ ዝም ቢል ዳግመኛ መናገር እንደማይችል ገብቶታል። «ዋሽንቱን ባሕር አልበላውም፤ ይኸው። እኔ ነኝ ያቋረጥኩት። ፍርሃት ያዘኝ። አቋርጬ ዘለልኩ። መርከቧ የጠፋችው በዚህ ነው።»

ፕሮታርኮስ ቅርጫቱን እንደያዘ ወደ ኪዲያስ ዞረ።

«ልጄ ላይኛው ደርብ ላይ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«እሱም እንዲህ ይጠብቅ ነበር?»

«ሁሉም ይጠብቁ ነበር።»

ኪዲያስ ሄዶ ቅርጫቱን ከሹሙ እጅ ተቀበለው፤ ሹሙም ለቀቀለት።

«አስብበት» አለ ሌዎዳማስ፣ እንደ መቆጣት ብሎ። «ልጁን ያዳንከው አንተ ነህ። ነፊ የሌለው ኮሪባንት ምን ይሠራል? ደግሞስ ነገ አንተ ከወጣህ ዜማውን ማን ይነፋዋል?»

«ዜማውማ የእኔ ሥራ ነው ጋሼ» አለ ኪዲያስ። «እነፋዋለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት በለሱንና ቂጣውን፣ አይቡንም በከረጢት አድርገው ከአንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት፤ እጁ ለዋሽንት ያስፈልጋልና። የመርከቡን ዋሽንት ነው የያዘው። ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ ይዞ ቆሟል። ያቺ ትናንት የቀለደችበት ሴት ዓይኗን ሰበረች። አንዳንዶቹ መቱት፣ አንዳንዶቹ ቅርንጫፋቸውን ወደ መሬት ጣሉት። ፕሮታርኮስ ሰባት ጊዜ መታው፤ ሰባተኛው የደከመ ነበር። ጎርጎስ ከበሩ አጠገብ የራስ ቁሩን አድርጎ ቆሟል፤ ቅርንጫፍ አልያዘም፤ ኪዲያስ ሲያልፍ ጋሻውን አንድ ጊዜ መታለት።

በናኒስ ቤት በኩል ሲያልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ማንድሮን በጀርባው ተዘርግቶ፣ እጆቹን ወዲህና ወዲያ ጥሎ ተኝቷል። ናኒስ ከደጃፉ ተቀምጣ ዝንብ ትከላከልለታለች። ኪዲያስን አየችው፤ ተነሥታ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው፤ ልጇን እንዲያይ።

ወጉ እስከ ድንበሩ ድንጋይ ነው። እዚያ ሲደርስ ቅርንጫፍ የያዙት ይመለሳሉ፤ ዜማውም እዚያ ይቆረጣል፤ የሚባረረውን ሰው ተከትሎ ከድንበር የሚያልፍ ነፊ ኖሮ አያውቅም። ኪዲያስ ድንጋዩን አለፈው። ከኋላው ያለው እግር ቆመ፤ እሱ ግን ዘወር አላለም። የወይን ማሳዎቹን አለፈ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ጉንጩ አቃጠለው፣ ከትከሻው ላይ ደም ወረደ። ዜማው የራሱ ማብቂያ አለው፤ ድንጋዩ ላይ ስለሚቆረጥ ማንም ሰምቶት አያውቅም እንጂ። ኪዲያስ ያንን ማብቂያ እስከ መጨረሻዋ ድምፅ ድረስ ነፋት፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋሽንቱን ከአፉ ያነሣው።